ጅማ ውስጥ ሰው ለመተዋወቅ የትኛው ኮርስ ይሻላል? ሸክላ፣ ክራር፣ ሥዕል ወይስ ፎቶ?

ቦሳ_አዲስ · ሰኞ ማታ 2፡10

ሰላም ለዚህ ቤት። ዕድሜው ከ25 በላይ የሆነ፣ ሥራ ያለው የጅማ ነዋሪ ለቁም ነገር የሚሆን ሰው በእጅ ሥራ ወይም በጥበብ ኮርስ በኩል መተዋወቅ ቢፈልግ የቱን ይምረጥ? ሥራ ቦታን፣ ቤተ እምነትንና ሠርግ ቤትን ለጊዜው እንተዋቸው። "ሁሉም በዕድል ነው" የሚለውም ይቅርብኝ። ስንት ሳምንት፣ ስንት ሰው፣ መቼ ማናገር፣ ምን ያበላሻል፤ እንዲህ እንዲህ ያለውን ነው የምፈልገው።

ኪቶ_ማዶ · ሰኞ ማታ 2፡48

ከኮርሱ ዓይነት በፊት ርዝመቱን እይ። የአንድ ቀን ወርክሾፕ ለዚህ ጉዳይ አይረባም፤ ሁለት ሰዓት ሙሉ መመሪያ ስትሰማ ቆይተህ የማንንም ስም ሳትይዝ ትወጣለህ። ቢያንስ 6 ሳምንት ይሁን፣ በሳምንት አንዴ፣ ያው ሰው ያው ቦታ ላይ የሚመጣበት። ይህ ከተጠና ቆይቷል። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ፌስቲንገርና ሁለት ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1950 ባወጡት ጥናት፣ ባለትዳር ተማሪዎች በሚኖሩበት ግቢ ውስጥ ማን ከማን ጋር እንደሚወዳጅ ከምንም በላይ የወሰነው የበሮቻቸው መቀራረብና በየዕለቱ ደረጃ ላይ መተላለፋቸው ነበር። ሌላው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ዛዮንስ ደግሞ በ1968 ደጋግመን ወዳየነው ነገር ልባችን እንደሚያደላ አሳየ። አንድ ነገር ግን ልብ በል፦ መጀመሪያ ያስጠላ ሰው ሲደጋገም ጭራሽ ሊብስበት ይችላል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ቀን ጨዋ ሆኖ ማሳለፍ ይበቃል፤ ለማሳቅ መሞከር አያስፈልግም።

የሰው ቁጥር ከ8 እስከ 12 ቢሆን ጥሩ ነው። ከ6 ካነሰ አንድ ነገር ስትናገር ሁሉም ይሰማሃል፤ ከ15 ከበለጠ ሰው ከሚያውቀው ጋር ተጠግቶ ይቀመጥና ክፍሉ በቡድን በቡድን ይከፈላል። አቀማመጡንም ከመመዝገብህ በፊት ሄደህ እየው። ወንበሮቹ እንደ ትምህርት ቤት ፊታቸውን ወደ ሰሌዳ ካዞሩ የምታውቀው የፊተኛህን ማጅራት ብቻ ነው። ፊት ለፊት የሚያስቀምጥ ረጅም ጠረጴዛ ወይም ክብ አቀማመጥ ፈልግ። በየሳምንቱ ቦታ የሚያቀያይር አስተማሪ ካገኘህ አትልቀቀው።

ሌላው፣ እጅ ተይዞ አፍ ነፃ የሚሆንበት ሥራ ይሁን። እጅም አፍም ነፃ ሲሆን ዝምታው ይከብዳል፤ ሁለቱም ሲያዙ ደግሞ መተዋወቅ የለም።

ዕድሜም ጠይቅ። በተለይ በክረምት አንዳንድ ኮርሶች በ11ኛና በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ይሞላሉ። እንደዚያ ከሆነ ለተባለው ዓላማ ያ ክፍል አይሆንህም፤ ሌላ ፈልግ።

የሐሙስ_ገበያ · ሰኞ ማታ 2፡55

ጠበሳ በሲለበስ ሆነ እንግዲህ!

ጭቃና_ገል · ሰኞ ማታ 3፡40

የእኔ ድምፅ ለሸክላ ነው። ሸክላ ሰውን የሚያመላልስ ሥራ ነው። አንዲት ጀበና ለመጨረስ አራት አምስት ጊዜ መመለስ ግድ ይላል፤ መሃል ላይ ከቀረህ ጭቃህን ሌላ ሰው ማየት አለበት። "የሚመጣው ቅዳሜ አልመጣም፤ ፌስታሉን ገልጠሽ ትንሽ ውኃ ትረጪልኛለሽ?" ብሎ መጠየቅ ማንንም አያስጨንቅም። እውነተኛ ጉዳይ ስለሆነ መልሱም ቀላል ነው፣ በሚቀጥለው ሳምንት ምስጋና ይዞ መምጣትም ያስከትላል።

አካሄዱን ላስቀምጠው፤ ኮርሱን ስትመርጥ ከዚህ በጣም የራቀ ከሆነ ጠርጥር።

የመጀመሪያው ቀን ጭቃ ማሸት ነው። ለአንድ ሰው 2 ኪሎ ይበቃል። ለአምስት እጅ ጭቃ አንድ እጅ አሸዋ ወይም ተወቅጦ የተነፋ ገል ይገባበታል፤ እሱ ከሌለ ዕቃው ሲደርቅ አለቅጥ ይሸበሸብና ይሰነጠቃል፣ እሳት ላይም አይችልም። ከዚያ 10 ደቂቃ ያህል ማሸት፣ በቀጭን ሽቦ ለሁለት መቁረጥ፣ የተቆረጠውን ፊት ማየት። የአየር ቀዳዳ ካለ እንደገና። እዚህ ጋ ሁሉም ሰው እኩል ጀማሪ ነው፤ ዶክተሩም ነጋዴውም እስከ ክርኑ ጭቃ ነው። በዚያው ቀን በቡጢ መጠን ያለች ድቡልቡል ጭቃ አውራ ጣት ገብቶባት፣ ግድግዳዋ 8 ሚሊ ሜትር እስኪሆን እየተቆነጠጠች ኩባያ ትሆናለች።

ሁለተኛው ሳምንት ጣት የሚያክል ጥቅል እያድቦለቦሉ መደራረብ ነው። መጋጠሚያው ሁለቱም ፊት በሹካ ይጫርና እንደ አጥሚት የቀጠነ ጭቃ ይቀባል። ይህን የዘለለ ሰው ዕቃው በሦስተኛው ቀን በመጋጠሚያው ላይ ሲለቅ ያየዋል።

ሦስተኛው ሳምንት እጀታና አንገት። የሚገጠሙት ገላው ስትነካው እጅ ላይ የማይጣበቅ፣ በጥፍር ስትጫነው ግን ምልክት የሚይዝ ሲሆን ነው። ብዙ ጀማሪ የሚያለቅሰው እዚህ ላይ ነው፦ እጀታው ቀጭን ስለሆነ ከገላው ቀድሞ ይደርቃል፣ ቀድሞ ይሸበሸባል፣ ከሥሩ ይሰነጠቃል። መላው ቀላል ነው፤ ሙሉ ዕቃውን ሳይሆን እጀታውን ብቻ በፌስታል መጠቅለል። የጎረቤትህን እጀታ ሳይጠቀለል ካየኸው ንገራት፤ ከዚህ የበለጠ ውለታ በዚያ ክፍል ውስጥ የለም።

አራተኛው በለሰለሰ ጠጠር መወልወል ነው። አንድ ሰዓት ሙሉ ያንኑ ቦታ ማሸት፣ ዓይን ሥራው ላይ፣ ጆሮ ነፃ። ሰው ብዙ የሚያወራው በዚህ ቀን ነው።

ከዚያ ጥላ ውስጥ ይደርቃል። ከኅዳር እስከ ጥር ከሳምንት እስከ አሥር ቀን ይበቃል፤ የጅማ ዝናብ ሲበረታ ግን ሁለትና ሦስት ሳምንት ሊወስድ ይችላል። ስለዚህ በሰኔ ተጀምሮ በ4 ሳምንት "ተጠብሶ ያልቃል" የሚል ማስታወቂያ ካየህ ወይ ዕቃው ይፈነዳል ወይ አይጠበስም። መድረቁን ለማወቅ ዕቃውን ጉንጭህ ላይ አስደግፈው። ከቀዘቀዘህ ውስጡ ገና ውኃ አለ። ውኃው 100 ዲግሪ ላይ እንፋሎት ሆኖ መውጫ ሲያጣ ነው ዕቃው የሚፈነዳው፤ የአንዱ ሲፈነዳ ስባሪው የጎረቤቱን ይዞ ይሄዳል።

የእሳቱ ቀን ለየት ያለ ነው። ዕቃው መጀመሪያ ከእሳቱ ዳር ሆኖ ይሞቃል፣ ከዚያ እንጨትና ኩበት ይከመርበታል። ሜዳ ላይ የሚነድ እሳት ከ600 እስከ 900 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል፤ ጭቃው 600ን ካለፈ በኋላ ውኃ ቢነካው ተመልሶ ጭቃ አይሆንም። ሦስትና አራት ሰዓት መጠበቅ አለ፣ ማፋጠን አይቻልም፣ ሁሉም ሰው ያለ ሥራ አንድ ቦታ ቁጭ ይላል። ቡና መፈላቱ አይቀርም። እስከዚያ ቀን ዝም ያለ ሰው እንኳ ያን ቀን ያወራል።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ከኋላ ሆኖ የሰው እጅ ይዞ "እንዲህ ነው የሚደረገው" ማለት በፊልም ይቅር። ማሳየት ካለብህ በራስህ ጭቃ ላይ አሳይ።

ቦሳ_አዲስ · ሰኞ ማታ 4፡02

ገለቶማ! ግን እንዲህ ያለ የሸክላ ኮርስ ጅማ ላይ ዝግጁ ሆኖ ባይገኝስ?

የሐሙስ_ገበያ · ማክሰኞ ጠዋት 1፡30

እንግዲህ ቀልዱ ይብቃና ይሄን እኔ ልመልስ። ኮርስ ከሌለ ሰብስቦ ማሠራት ይቻላል።

ሐሙስ ሂርማታ ገበያ ውረድ። ጀበናና ድስት የሚሸጡበት ረድፍ ጋ ሂድ፣ ግን በማለዳ፤ ከቀትር በኋላ ሁሉም ለመሸጥ ስለሚጣደፍ የሚያናግርህ የለም። ከአንዷ ዕቃ ግዛ፣ ከዚያ ራሷ ትሥራው ወይ ከሌላ ታምጣው ጠይቅ። ሻጭ ሁሉ ሠሪ አይደለም። ሠሪዋን ስታገኛት "ለስምንት ሰው፣ ለስድስት ቅዳሜ፣ በቀን ሁለት ሰዓት ታሳይናለሽ?" ብለህ በቀን ሒሳብ ተነጋገር። ጭቃው፣ ማገዶውና የእርሷ ድካም ለየብቻ ይቆጠር፤ ተደባልቆ ከተነገረ የእሳቱ ቀን ላይ ማገዶ የሚገዛ ይጠፋል። ክፍያ ግማሽ በመጀመሪያ፣ ግማሽ ከሦስተኛው ሳምንት በኋላ። አፋን ኦሮሞ የሚችል አንድ ሰው መሃል ይኑር፤ የጭቃውን ቃላት በራሷ ቋንቋ ስትነግራችሁ ነው አጥርታ የምታስረዳው። አጠራሩም "አዴ" ተብሎ በክብር ይሁን።

ይህን ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ሸክላ ሠሪን ዝቅ አድርጎ የማየት አሮጌ ክፉ ልማድ አሁንም አልጠፋም፤ ጀበናዋ ላይ ቡና እየጠጣ እጇን ለመጨበጥ የሚያቅማማ አለ። ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው መምህሯን እንዴት እንደሚያናግራት አስተውል። ስለ ባሕሪው ከዚህ በላይ መረጃ አታገኝም።

አውታር_6 · ማክሰኞ ጠዋት 3፡15

ሸክላ ተሞገሰ፣ ይገባዋል። ክራርን ግን አትርሱ። ድክመቱን ቀድሜ ልንገራችሁ፦ በልምምድ ሰዓት ወሬ የለም። ጆሮም እጅም ተይዟል። መተዋወቂያው ያለው ቅኝት ላይ ነው።

ክራር አብዛኛውን ጊዜ 6 አውታር አለው። በትዝታ ሲቃኝ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ይሆንና ስድስተኛው የመጀመሪያው ዶ በላይኛው እርከን ነው። ከዚያ ወደ ባቲ ቅኝት ሲኬድ ዶና ሶል አይነኩም፤ ሬ ወደ ሚ፣ ሚ ወደ ፋ፣ ላ ወደ ሲ ይወጣሉ። ይህን ያወቀ ሰው ከሌላው ቀድሞ ይጨርሳል። አሥር ክራር ያለበት ክፍል ደግሞ ሁሉም እስኪቃኝ 15 እና 20 ደቂቃ ይፈጃል፤ መምህሩ አንድ ነው። የጨረሰ ሰው ጎረቤቱን ይረዳል። "ሦስተኛዋ ወርዳለች፣ ትንሽ ሳቢያት" ማለት ጅማ ላይ ደግሞ በየሳምንቱ የሚያስፈልግ ነገር ነው፤ እርጥበቱ ቆዳውን ስለሚያላላው ቅኝቱ ቶሎ ይወርዳል። አዲስ የናይለን አውታር ከሆነ ጭራሽ ይለጠጣል፣ በመጀመሪያው ሳምንት በየ10 ደቂቃው መቃኘት ሊያስፈልግ ይችላል። ስልክ ላይ ነፃ መቃኛ አፕ ጫን፣ ግን በጆሮህም ተለማመድ፤ አሥር ሰው በአንድ ጊዜ ሲመታ ስልኩ የማንን እንደሚሰማ ግራ ይገባዋል።

የራስህ ክራር ይኑርህ። በውሰት የሚማር ሰው ቤቱ መለማመድ ስለማይችል በአራተኛው ሳምንት ይቀራል፣ ከቀረ ደግሞ መተዋወቁም ቀረ። ስትገዛ መቃኛዎቹ ሳይንሸራተቱ መያዛቸውንና ቆዳው ገበቴው ላይ ወጥሮ መቀመጡን እይ፤ በጣትህ መታ ስታደርገው ደብዛዛ ድምፅ ከሰጠ ላልቷል።

አንድ እውነት ግን አለ። ሙዚቃን በሃይማኖት ምክንያት የማይነኩ ሰዎች አሉ፣ በሙስሊሙም በጴንጤውም በኩል። ጅማ ላይ ይህ ቀላል ቁጥር አይደለም። ብዙ ዓይነት ሰው ማግኘት የፈለገ ወደ ሸክላ ቢሄድ እኔም አልቃወምም።

ሰሊ_ጅማ · ማክሰኞ ከሰዓት 8፡20

የሴቷን ወገን ማንም ስላላነሳው እኔ ላንሳው።

ለጠበሳ ብቻ የመጣ ወንድ በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ይታወቃል። ጭቃውን አይነካም፣ ዓይኑ በር ላይ ነው፣ አዲስ ሴት በገባች ቁጥር ወንበር ይቀይራል። ያን ሰው በሁለተኛው ሳምንት ሴቶቹ ሁሉ ስም አውጥተውለታል። ስለዚህ ወንድሜ ቦሳ_አዲስ፣ ኮርሱን በራሱ የማትፈልገው ከሆነ ገንዘብህን አታባክን። ማንንም ባታገኝ እንኳ ጀበናዋ ትበቃኛለች የምትልበትን ምረጥ።

አሁን ወደ ዝርዝሩ። በቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ስልኳ አለ ማለት ኢንቦክስ ግባ ማለት አይደለም። ቁጥሩን የሰጠችው ለክፍሉ ነው። በአካል "የደረቀውን ፎቶ ብልክልሽ ቅር ይልሻል?" ብለህ ጠይቅና ከዚያ ላክ። ማታ ከ3 ሰዓት በኋላ አትላክ። "እንዴት አደርሽ"፣ "እንዴት ዋልሽ"፣ "በላሽ?" እየተባለ በየቀኑ የሚላክ መልእክት ወሬ አይደለም፣ ፊርማ ማስፈረም ነው። በሳምንት አንድ መልእክት፣ ያውም ጉዳይ ያለው፣ ይበቃል።

ፍላጎት መኖሩን በምን ታውቃለህ? ፈገግታ አይቆጠርም፤ እኛ አገር ለሁሉም ፈገግ ይባላል። እርሷም ጥያቄ ትጠይቃለች ወይ? ባለፈው ያልከውን ታስታውሳለች ወይ? አጠገብህ ያለው ወንበር ባዶ ሆኖ ሌላ ጋ ከተቀመጠች አንድ ጊዜ ምንም ማለት አይደለም፤ ሦስቴ ከሆነ መልስ ነው። "እሺ፣ እናያለን" ማለትም በአብዛኛው እምቢ ነው፤ ፊት ለፊት እምቢ ማለት ስለሚከብድ ነው እንደዚያ የሚባለው።

ለሴቶቹም፦ እህቶቼ፣ የመጀመሪያውን ቀን ከጓደኛ ጋር ሂዱ፣ ከሁለተኛው ጀምሮ ግን ለየብቻ ተቀመጡ። ሁለት ጓደኛሞች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ማንም ደፍሮ አይጠጋም።

ቦሳ_አዲስ · ማክሰኞ ከሰዓት 9፡00

ተቀብያለሁ እህቴ። ቡና ልጋብዝሽ የሚባለው ስንተኛው ሳምንት ላይ ነው ታዲያ?

ኪቶ_ማዶ · ማክሰኞ ማታ 1፡10

መጨረሻው ላይ። ስድስተኛው ሳምንት፣ ሁሉም ዕቃውን ይዞ ሲወጣ። እምቢ ብትል ሁለታችሁም በየሳምንቱ ፊት ለፊት እየተያያችሁ አትሳቀቁም። ሁሉም የከፈለበት ቦታ ነው፤ በአንተ ጥያቄ ምክንያት እርሷ ኮርሷን ማቋረጥ የለባትም።

ሰሊ_ጅማ · ማክሰኞ ማታ 1፡35

በዚህ አልስማማም። የመጨረሻው ቀን ላይ ሲጠየቅ "አሁን ካልሆነ መቼም" የሚል ክብደት ይመጣበታል፤ ለማሰብ ጊዜ የላትም፣ እምቢ ማለት ይቀላታል። አራተኛው ሳምንት ይሻላል። ከዚያ በፊት ደግሞ ከክፍሉ ሰዎች ጋር በቡድን ቢያንስ ሁለቴ ቡና ተጠጥቶ መሆን አለበት። አባባሉም አጭር፦ "ቅዳሜ ከክፍል በኋላ ሁለታችን ቡና ብንጠጣ ደስ ይለኛል። ካልተመቸሽ ችግር የለውም።" ከዚያ ወሬ ቀይር። "ችግር የለውም" ያለ ሰው ችግር እንደሌለው በሚቀጥለው ቅዳሜ ያሳያል፤ መጥቶ ሰላም ይላል፣ ጭቃውን ይሠራል። የሚቀር ሰው ነው ጥፋተኛ እንድትመስል የሚያደርጋት።

ኪቶ_ማዶ · ማክሰኞ ማታ 1፡50

"ችግር የለውም" ብሎ በቃሉ የሚጸና ስንት ነው ብለሽ ነው? ለእንደዚያ ዓይነቱ አራተኛው ይሁን። ለሌላው ስድስተኛው ይሻላል ባይ ነኝ አሁንም።

ጭቃና_ገል · ማክሰኞ ማታ 2፡05

የእሳቱ ቀን ብላችሁ ብትስማሙስ? መጨረሻው ነው፣ ግን ዕቃው ቀዝቅዞ የሚወሰደው በማግስቱ ወይም በሳምንቱ ስለሆነ አንድ መገናኛ ይቀራል።

ፈረቃ · ረቡዕ ጠዋት 12፡40

ስለ ሰዓት ማንም አልተናገረም፤ ኮርሱን የሚገድለው ግን እሱ ነው።

ጅማ ላይ ሥራ ያለው ወጣት ብዙው ዩኒቨርሲቲው፣ ሆስፒታሉ፣ ባንክና ንግድ ላይ ነው። የሆስፒታል ሰው በፈረቃ ስለሚሠራ ከ6 ሳምንት ቢያንስ አንዱን መቅረቱ አይቀርም። ስለዚህ ያለፈውን ማካካሻ ያለው ኮርስ ምረጡ፤ ሸክላ ላይ የቀረ ሰው የሌላውን ሦስተኛ ሳምንት እያየ ሁለተኛውን መሥራት ይችላል፣ ክራር ላይ ግን ወደ ኋላ ይቀራል። ተማሪና ሬዚደንት ሐኪም ደግሞ ሲጨርስ ይሄዳል። የምታናግረው ሰው ጅማ ላይ እስከ መቼ እንደሚቆይ ቀድሞ ማወቅ ነውር የለውም፤ "ስንተኛ ዓመት ነህ?" ብሎ መጠየቅ ይበቃል።

ቀኑ ቅዳሜ ከሰዓት ከ8 እስከ 10 ሰዓት ቢሆን ለሁሉም ይመቻል። ዓርብ ከ6 እስከ 8 የጁምዓ ሰዓት ነው፣ እሑድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ነው፣ ሐሙስ ገበያ ስለሆነ ባጃጅ ማግኘት ትግል ነው። ረመዳን ውስጥ ከገባችሁ የመሃል ቡና ይቅር፤ ግማሹ ክፍል ጾሞ እያለ ግማሹ ፉት ሲል ሁሉም ያፍራል። ክፍሉን ወደ ጠዋት ማዛወር ወይም ከ11 ሰዓት ተኩል በፊት ሁሉም ቤቱ እንዲደርስ ማድረግ ይበጃል። በዐቢይ ጾም ደግሞ ቆሎና ዳቦ እንጂ ቅቤ የነካው ነገር ይዛችሁ አትምጡ። ጾመኛው "አይ፣ ጠግቤያለሁ" እያለ ሲሸሽ ያልፈለጋችሁ ይመስላችኋል።

በጨለማ የሚያልቅ ክፍል ሴት አይበረክትበትም። 12 ሰዓት ሳይሞላ መበተን፣ አንድ አቅጣጫ የሚሄዱት በአንድ ባጃጅ መሄድ።

ሌንስ · ረቡዕ ማታ 2፡30

ፎቶን ርዕሱ ላይ ጽፋችሁ ዘለላችሁት። እየተራመዱ ስለሆነ ሰው አፍ ይፈታል፣ ስልክ ብቻ ያለውም ይማራል። ከሰዓት 10 ሰዓት ላይ ተነስቶ ጅሬን፣ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት መውጣት፣ ብርሃኑ ለስላሳ እየሆነ እስከ 12 ማንሳት። ግቢው ክፍት መሆኑንና ፎቶ መፈቀዱን በዋዜማው ጠይቁ። ውስጡ ጨለም ስለሚል በስልክ የምታነሱ ክርናችሁን ግድግዳ ወይም ምሰሶ ላይ አስደግፉ፤ የተንቀጠቀጠ ፎቶ ዋና ምክንያቱ እሱ ነው። ሰው ከማንሳት በፊት ማስፈቀድ፣ አዛውንት ከሆኑ ስልኩን አውርዶ ሰላምታ መስጠት ይቅደም።

የፎቶ ክፍል ወጥመድ አንድ ነው። መጨረሻ ላይ ሁሉም ያነሳውን ለግሩፑ ያሳያል። ሃምሳ ፎቶ አንስተህ ሠላሳው የአንዲት ልጅ ከሆነ፣ ያውም ከጎን፣ ሳታውቅ የተነሳች፣ ምንም ማስረጃ አያስፈልግም። ማንሳት ከፈለግህ አስፈቅደህ፣ ሁለት ፎቶ፣ ወዲያው አሳይተህ፣ "አጥፋው" ካለች ዓይኗ እያየ አጥፋ።

የሐሙስ_ገበያ · ረቡዕ ማታ 2፡44

ሥዕልና ዳንቴልስ?

አውታር_6 · ረቡዕ ማታ 3፡00

ሥዕል ጸጥ ያለ ነው፣ ለዓይን አፋር ሰው ይሆናል። በውኃ ቀለም የሚያስተምሩ ከሆነ የወረቀቱን ውፍረት ጠይቅ፤ 300 ግራም ካልሆነ ይጣመማል፣ ተማሪው ወረቀቱን ሲታገል ይውላል። ዘይት ቀለም ቀናት ይፈጃል፣ አክሪሊክ ግን በደቂቃዎች ይደርቃል። ዳንቴል ክፍል ወንድ ሲገባ ሁሉም ያየዋል፤ ኪሮሽ የእውነት ከወደድክ ግባ፣ ካልወደድክ አትግባ። የእንጨት ሥራው፣ የጅማ ባለ ሦስት እግር በርጩማ፣ ለዓይን ግሩም ነው፤ ግን መጥረቢያና መሮ እየተመታ ማን ማንን ይሰማል?

ቦሳ_አዲስ · ሐሙስ ጠዋት 1፡05

ወደ ገበያ እየወረድኩ ነው። ሸክላ ሆኗል። ጭቃና_ገል፣ ለመጀመሪያው ቀን ምን እንያዝ?

ጭቃና_ገል · ሐሙስ ጠዋት 1፡20

ጥፍር አጭር ይሁን፣ ቀለበትና ሰዓት ቤት ይቅር። አሮጌ ሹካ፣ እርጥብ ጨርቅ፣ ያልተቀደደ ፌስታል ሁለት (አንዱ ለዕቃው፣ አንዱ ፌስታል ሳይዝ ለሚመጣ ሰው)፣ ከሥር የሚቀመጥ ጣውላ ወይም ካርቶን። ጭቃ የነካው ልብስ ወዲያው አይታጠብም፤ ይድረቅና ይራገፍ፣ ከዚያ ይታጠብ። የእጅ መታጠቢያውን ውኃ ቧንቧ ውስጥ አትድፉት፣ ይደፍነዋል፤ በባልዲ ይጠልና ላዩ ይፈስሳል፣ የዘቀጠው ለማጣበቂያ ይውላል።

እና እያንዳንዱ ሰው ዕቃው ገና ሳይደርቅ ከሥሩ ስሙን በምስማር ይጫርበት። ሲደርቁ ሁሉም ይመሳሰላሉ፤ በእስክሪብቶ የተጻፈውን ደግሞ እሳት ይበላዋል።

የሐሙስ_ገበያ · ሐሙስ ጠዋት 1፡26

ስልክ ቁጥርም ይጫርበት?

ሰሊ_ጅማ · ሐሙስ ጠዋት 1፡31

ስም ብቻ።